ድክ ድክ ከሚል ልጅ ጋር እስከ ደብረ ታቦር

በቴክሳስ፣ ፋርመርስ ብራንች በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በነርስነት ሙያ የምታገለግል አባላችን ያቀረበችው ንግግር



እስካሁን ስለ ትምህርት ቤቱ ጣሪያና ስለ ጤና ጣቢያው አልጋዎች ስንሰማ ቆይተናል። ከዚያ ቀጥሎ እኔ ተነስቼ ሕፃን ልጅን አውሮፕላን ላይ እንዴት እንደምናጫውት ልናገር ስል ነገሩ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን ቀላል ነው ብዬ አላምንም። ባለፈው ዓመት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ሰብሳቢያችን «ልጆቻችሁን ወስዳችሁ ደብረ ታቦርን ያሳያችሁ እጃችሁን አውጡ» ሲሉ ከኋላ ሆኜ ቆጥሬ ነበር። ዘጠኝ እጅ ነው የወጣው። ሻይ ላይ ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ገንዘብ ያሉኝም ነበሩ፣ የአገሩን ሁኔታ ያነሱም ነበሩ። ከትንንሽ ልጆች እናቶች ግን ደጋግሜ የሰማሁት «አይ እህቴ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ከዚህ ልጅ ጋር አውሮፕላን ላይ? ትንሽ ይጠንክርልኝ» የሚል ነው።

ይህን መልስ አውቀዋለሁ። እኔም ለአባቴ በስልክ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰጠኋቸው መልስ እሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ፤ ምክሩ ከዚያ ይቀጥላል።

የመጀመሪያው ጉዞዬ

እ.ኤ.አ. በ2012 ትልቁ ልጄ 22 ወሩ ነበር። ባለቤቴ ከሥራው ፈቃድ ስላላገኘ ልጁን ይዤ ብቻዬን ተነሳሁ። እዚሁ ዳላስ የነርስነት ዲግሪዬን ጨርሼ በሌሊት ተረኛነት የምሠራበት ጊዜ ነው። ሌሊቱን ሠርቼ አድሬ፣ ሻንጣዬን ቆልፌ፣ በዚያው ቀን ኤርፖርት ሄድኩ። አንድ ጓደኛዬ «ቤናድሪል ስጪው፤ አገር ቤት እስክትደርሺ ለጥ ብሎ ይተኛልሻል» ብላኝ ነበር። የመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ ልጅን ለማስተኛት አትጠቀሙበት ተብሎ ተጽፏል። እኔ ነርስ ነኝ፤ ጽሑፉን አንብቤዋለሁ፤ አንብቤም ሰጠሁት።

ልጄ አልተኛም። አንዳንድ ልጅ በዚህ መድኃኒት ይደነዝዛል፤ አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ይቅበጠበጣል፣ ይነጫነጫል፣ ዓይኑ አይከደንም። የእኔው ከሁለተኛው ወገን ሆነ። ወንበር ረገጠ፣ ጮኸ፣ ያበላሁትን በሙሉ እላዬ ላይ አስመለሰው። ለእሱ ቅያሪ ልብስ ይዤ ነበር፤ ለራሴ አልያዝኩም። ጎኔ የነበረው ሰውዬ ቦታ ቀይሮ ሄደ። አስተናጋጇ ሁለት ጊዜ መጥታ ልጁን ዝም እንዳሰኝ ነገረችኝ፤ ማሰኘት ብችልማ ነበር! መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ልጄን አቅፌ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ድካሙ ብቻ አልነበረም። በሆስፒታል ለሌላ ሰው ልጅ የማላደርገውን ለራሴ ልጅ ማድረጌ ነው። ትንፋሹን እየቆጠርኩ፣ ሌላ ነገር እንዳይከተል እየፈራሁ ነው የሄድኩት።

ከሦስት ረድፍ ኋላ አንዲት የጎጃም እናት ተቀምጠው ነበር። ልጃቸውን ጠይቀው ሲመለሱ ነው። «ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ለእኔ ስጭኝ፤ አንቺ ትንሽ ጋደም በይ» አሉኝና ነጠላቸውን አጣጥፈው አዘሉት። መተላለፊያው ላይ ቀስ እያሉ፣ እሹሩሩ እያሉ ተመላለሱ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን እሳቸው በጀርባቸው ያውቁት ነበር።

ደብረ ታቦር ስንደርስ አባቴ ልጁን ትከሻቸው ላይ ቁጭ አድርገው ገበያውን አዞሩት። ሰው ባገኙ ቁጥር «የልጄ ልጅ ነው፤ ከአሜሪካ ድረስ እኔን ሊያይ መጣ» ይሉ ነበር። ይህን እያየሁ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ያም ሆኖ ወደ ዳላስ ስመለስ ከትንሽ ልጅ ጋር ሁለተኛ አልጓዝም ብዬ ማልኩ።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሴት ልጄ ተወለደች። አባቴ በየሳምንቱ ስደውል «ይችን ልጅ መቼ ነው የማያት?» ይሉኛል። «ትንሽ ትጠንክርልኝ አባባ» እላለሁ። እሳቸውም ክፉ አይናገሩም፤ «እሺ፣ ትጠንክር» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 መኸር ላይ ስልኩ የመጣው ከወንድሜ ነበር። ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል፤ ፓስፖርት አልነበራትም። ባለቤቴ ለሥራ ሌላ ስቴት ስለነበረ ሁለታችን ቀርበን እስክናመለክት፣ ወረቀቱ እስኪመጣ፣ ለሠልስቱም ለሰባቱም አልደረስኩም። የደረስኩት ለአርባው ነው።

የሚያሳዝነው፣ ያ ጉዞ መልካም ነበር። ልጄ ስቃ፣ በልታ፣ ተኝታ ደረሰች። ስድስት ዓመት የፈራሁት ነገር ሲዘጋጁለት የሚቻል መሆኑን ያወቅሁት አባቴን ከቀበርን በኋላ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ያን ጊዜ ያደረግሁትን፣ በሙያዬም የማውቀውን ነው።

ወረቀቱ ልጁ እንደተወለደ ይጀመር

ጉዞ ባታስቡም የልጁን ፓስፖርት አውጡለት። በአሜሪካ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፓስፖርት ሲወጣ በመሠረቱ ልጁም ሁለቱም ወላጆችም መቅረብ አለባቸው። አንደኛው ወላጅ መቅረብ ካልቻለ መስማማቱን በኖተሪ ፊት በሚፈረም ቅጽ ይሰጣል። የልጅ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ነው፤ እንደ አዋቂው 10 ዓመት አይደለም። ስለዚህ አንድ ጊዜ አውጥቻለሁ ብላችሁ አትርሱት። ለኢትዮጵያ መግቢያም ልጁ እንደ እናንተው የራሱ ቪዛ ወይም ቢጫ ካርድ ያስፈልገዋል። ከወላጆች አንዱ ብቻውን ይዞት የሚሄድ ከሆነ ሌላው «ተስማምቻለሁ» የሚል በኖተሪ የተረጋገጠ ደብዳቤ ይስጠው። ብዙ ጊዜ አይጠየቅም፤ የተጠየቀ ቀን ግን በሌላ አይተካም።

መቀመጫና መንገድ

ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወላጁ እቅፍ መሄድ ይችላል። በውጭ አገር በረራ ብዙ አየር መንገዶች ለዚህ ከአዋቂው ዋጋ 10 ከመቶ ገደማ ያስከፍላሉ። 2 ዓመት ሲሞላው የራሱ መቀመጫ ግዴታ ነው። ሲሄድ 23 ወር ሆኖ ልደቱ እዚያ የሚውል ከሆነ ለመመለሻው መቀመጫ እንደሚያስፈልገው ከወዲሁ አስቡበት።

አቅሙ ካላችሁ ግን ከ2 ዓመት በታች ለሆነውም መቀመጫ ግዙለት። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም የሚመክረው ልጁ በራሱ መቀመጫ፣ በተፈቀደ የልጅ ማሰሪያ እንዲታሰር ነው። አውሮፕላን በድንገት ሲናወጥ የእናት ክንድ የቱንም ያህል ቢጠነክር ልጅ ይዞ ማቆየት አይችልም። የመኪና መቀመጫውን ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ በላዩ ላይ ለአውሮፕላን የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ መኖሩን እዩ። ያ ከከበዳችሁ ኬርስ የሚባል የቀበቶ ማሰሪያ አለ፤ ተጠቅልሎ በእጅ ቦርሳ ይገባል፤ ክብደቱ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ለሆነ ልጅ የተፈቀደ ነው። አየር መንገዱ እንደሚቀበለው ግን ቀድማችሁ ደውሉና አረጋግጡ።

ከዚህ ከፋርመርስ ብራንች ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት ቅርባችን ነው፤ በ635 ሃያ ደቂቃ ገደማ ብንነዳ እንደርሳለን። ከዳላስ አዲስ አበባ በቀጥታ የሚበር ግን የለም። አንዱ ምርጫ በኢስታንቡል፣ በዶሃ፣ በዱባይ ወይም በፍራንክፈርት በኩል መሄድ ነው። ሌላው እስከ ዋሽንግተን ደለስ ሦስት ሰዓት ገደማ በርሮ፣ ከዚያ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በአንድ በረራ አዲስ አበባ መግባት ነው፤ 13 ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ከልጄ ጋር ዋሽንግተን ዘመድ ቤት አድሬ በማግስቱ ነው የቀጠልኩት። ያቺ አንድ ሌሊት ጉዞውን ለሁለት ከፈለችልኝ፤ ልጄም ሮጣ፣ ታጥባ፣ አልጋ ላይ ተኝታ ተነሳች። ትኬት ስትገዙ ዋጋ ብቻ አትዩ። በሁለት በረራ መካከል 50 ደቂቃ ብቻ ካላችሁ ልጅ አዝሎ መሮጥ ነው፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ያለው ይሻላል።

ሐኪም ከጉዞው ስድስት ሳምንት በፊት

የልጁን ሐኪም ስድስት ሳምንት ሲቀር እዩ። የኩፍኝ ክትባት ዋናው ነው። ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ከውጭ አገር ጉዞ በፊት አንድ መርፌ ይወስዳል። ዓመት ከሞላው በኋላ ቢያንስ በ28 ቀን ልዩነት ሁለት ነው። ስለ ታይፎይድ ጠይቁ፤ መርፌው ከ2 ዓመት ጀምሮ ይሰጣል። ስለ ወባም ጠይቁ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከፍ ያለች ናት፤ አዲስ አበባም ወባ የለባትም። ባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ ግን ዝቅ ይላሉ። እዚያ የምታድሩ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። ልጁ ጆሮውን የሚያመው ወይም ጉንፋን የያዘው ከሆነ ከመብረሩ በፊት ይታይ።

በእጅ ቦርሳው ውስጥ

በጭነት ሻንጣ የገባ ዕቃ እንደሌለ ቁጠሩት። በእጃችሁ የሚሆነው ይህ ነው፤ ለጠቅላላው ጉዞ ከሚያስፈልገው በላይ ዳይፐር፣ ለልጁ ሁለት ቅያሪ፣ ለእናንተ ደግሞ አንድ ሙሉ ቅያሪ፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ የቆሸሸ የሚገባበት ፌስታል፣ የትኩሳት መድኃኒት ከመለኪያው ጋር፣ የሚወዳት ብርድ ልብስ። የልጁን ክብደት በኪሎ በወረቀት ጻፉ፤ የትኩሳት መድኃኒት የሚሰጠው በክብደት ነው፤ መጠኑን ከሐኪሙ ጠይቃችሁ አብራችሁ ጻፉት። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

የልጅ ወተት፣ ፎርሙላ፣ ጭማቂና የሕፃን ምግብ ፍተሻ ላይ ካለው የ100 ሚሊ ሊትር ገደብ ነፃ ናቸው። ለይታችሁ አውጥታችሁ ለፈታሹ ንገሩት። በአንጻሩ በሶም ሆነ ሽሮ፣ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ቦርሳ ከያዛችሁ ተለይቶ ይፈተሻል፤ ስለዚህ በጭነቱ ውስጥ ይሂድ።

ምግብን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ቆሎ ባህላችን ነው፤ አውሮፕላን ላይም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ግን ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻ፣ ያልተቆረጠ የወይን ፍሬ አይሰጥም። ጠጣሩ ዳቦ ቆሎም እንዲሁ። ትንፋሽ ይዘጋል፤ ከምድር በላይ ሆኖ ደግሞ አምቡላንስ የለም። አንዲት እናት በደግነት እፍኝ ሲሰጡት «እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ እናንተ ተቀበሉና እናንተው ብሉት። ለልጄ የያዝኩላት የድፎ ዳቦ ቁራጭ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንችና ትንሽ ጭኮ ነበር። ከአውሮፕላኑ ትሪ ይልቅ የምታውቀውን በላች።

ቤናድሪልን በተመለከተ የራሴን ነግሬያችኋለሁ፤ አልደግመውም። ከ2 ዓመት በታች አይሰጥም፤ ከ2 እስከ 5 ዓመት ሐኪም ካላዘዘ አይሰጥም፤ ለማስተኛት ተብሎ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ ላለ ልጅ አይሰጥም። ሜላቶኒንም ቢሆን ሐኪም ሳይጠየቅ አይጀመርም።

አውሮፕላኑ ላይ

መጀመሪያ ኤርፖርት ላይ አድክሙት። ጋሪው ላይ አስሮ ማስቀመጥ ስህተት ነው። ዲኤፍደብሊው ውስጥ አምስቱን ተርሚናሎች የሚያገናኝ ስካይሊንክ የሚባል ባቡር አለ፤ ከፍተሻ በኋላ ነው፤ በነፃ ነው። ልጄን ይዤ ዙሩን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ለእሷ ያ ከአውሮፕላኑ የበለጠ ነገር ነበር።

ሁለተኛ፣ 13 ሰዓት ብላችሁ አታስቡ። ድክ ድክ የሚል ልጅ 13 ሰዓት የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው ይህችን ሃያ ደቂቃ ነው። እኔ አሥር ትንንሽ ነገሮችን በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ተለጣፊ ሥዕሎች፣ ባለቀለም ፕላስተር፣ እርስ በርሳቸው የሚገቡ ኩባያዎች፣ ክዳን ያለው ባዶ ጠርሙስ፣ ትንሽ መጽሐፍ። አብዛኛው ከዶላር ሱቅ ነው። በየአንድ ሰዓት ተኩሉ አንድ ይከፈታል፤ መፍታቱ ራሱ ጨዋታ ነው። ፕላስተሩን የወንበሩ ጠረጴዛ ላይ ለጥፎ መላጥ ብቻ አርባ ደቂቃ ወሰደልኝ። አንዱ ሳይሰለች ሌላውን አትክፈቱ። ስክሪን አልከለክልም፤ ግን በመጀመሪያው ሰዓት ካወጣችሁት መጨረሻ ላይ የሚረዳችሁ ነገር አይኖርም። ለመጨረሻዎቹ ሰዓታት አቆዩት።

ከአሻንጉሊት ሁሉ የበለጠው ግን ሰው ነው። በነጠላ ድብብቆሽ፣ የጣት ጨዋታ፣ ቀስ ብሎ እስከ ኋላ መሄድና መመለስ። አውሮፕላኑ ሲነሳ ጎረቤቶቻችሁን ሰላም በሉ፤ የልጁን ስም ንገሯቸው። ስሙን ያወቀ ሰው ሲያለቅስበት እንደማያውቀው ልጅ አይቆጣም። የእኛ አገር ሰው ደግሞ አቅፌ ላሳርፍሽ ሲል ከልቡ ነው፤ አትግደርደሩ።

እንቅልፍ ሲመጣ የቤቱን ሥርዓት በዚያው አድርጉ። ፊቱን ማበስ፣ ፒጃማ ማልበስ፣ ብርድ ልብሱን መስጠት። እምቢ ካለ እዘሉት። ከዚያች የጎጃም እናት የተማርኩት ይህ ነው፤ በሁለተኛው ጉዞዬ ሰፊ ነጠላ በቦርሳዬ ነበር። ሲነሳና ሲያርፍ፣ የቀበቶ ምልክት ሲበራም ልጁ ወደ መቀመጫው ይመለሳል። በማዘያ ማሰር በዚያ ሰዓት አይፈቀድም። ምልክቱ ሲጠፋ ግን በጀርባችን ላይ ያደገ ልጅ በጀርባችን ላይ ይተኛል።

ስለ ጆሮ ላብራራ። ጆሮን ከጉሮሮ ኋላ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አለ። የልጅ ቱቦ ጠባብ ነው። አውሮፕላኑ ሲወርድ በቤቱ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ይጨምራል፤ ቱቦው ካልተከፈተ ጆሮ ያማል። ቱቦውን የሚከፍተው መዋጥ ነው። ስለዚህ ካፒቴኑ መውረድ ጀምረናል ሲል፣ ማለትም ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ገደማ በፊት፣ ልጁን ቀስቅሱት፤ ጡት፣ ጡጦ ወይም በስትሮው ውኃ ስጡት። ተኝቶ ያለ ልጅ ብዙ አይውጥም፤ በሕመም ነው የሚነቃው።

ለእኛ አገር ተጓዥ አንድ የሚገርም ነገር አለ። አውሮፕላን በሰማይ ሲሄድ ውስጡ ያለው አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ ነው የሚሆነው። እንደ ቦይንግ 787 ያሉት አዳዲሶቹ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያቆዩታል። ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ማለትም እንዲህ ያለው አውሮፕላን ቦሌ ሊያርፍ ሲወርድ ውስጡ ያለው ከፍታ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ የልጁ ጆሮ ቦሌ ላይ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሲመለስ ነው፤ ዋሽንግተንና ዳላስ ዝቅ ያሉ ናቸው። «ስንሄድ ደህና ነበር፤ ስንመለስ ምን ነካው?» ለሚሉ እናቶች መልሱ ይኸው ነው። ሲመለሱ የበለጠ ተዘጋጁ።

የአውሮፕላን አየር በጣም ደረቅ ነው፤ ውኃ ቶሎ ቶሎ ስጡት። ቢያለቅስስ? ያለቅሳል። ዳይፐር፣ ረሃብ፣ ጆሮ፣ ሙቀት፣ እንቅልፍ፤ በዚህ ቅደም ተከተል እዩት። ምንም ካላገኛችሁ ተነሱና ወደ ኋላ ውሰዱት፤ ድምፃችሁን ከእሱ ድምፅ በታች አድርጉ። የተሳፋሪውን ፊት አትዩ፤ የልጃችሁን ፊት እዩ። አስተናጋጅ ቢቆጣም አይዟችሁ። ደግሞ እኔን አትምሰሉ፤ ከሌሊት ሥራ ወጥታችሁ አትሳፈሩ። አንድ ቀን ቀድማችሁ ፈቃድ ውሰዱ። ልጁ አውሮፕላን ላይ የሚያየው መጀመሪያ የእናንተን ፊት ነው።

ከደረሱ በኋላ

በአሜሪካ በጋ 8 ሰዓት፣ በአሜሪካ ክረምት 9 ሰዓት ልዩነት ከዳላስ አለ። ልጁ እኩለ ሌሊት ላይ ነቅቶ መጫወት ቢፈልግ ተፈጥሮው ነው። መብራት ሳታበሩ፣ ድምፅ ሳታሰሙ አቆዩት፤ ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጡት። ከጥቂት ቀን እስከ ሳምንት ይስተካከላል። ከዳላስ ዝቅታ ወጥቶ ደጋ ላይ ሲገባም አንድ ሁለት ቀን ሊደክመው ይችላል። ውኃው የታሸገ ወይም የፈላ፣ ወተቱ የፈላ ይሁን። ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያም ልጁ ይታሰር። መንገዱ በዚያ ሳምንት እንዴት እንደሆነ ከቤተሰብ ጠይቁ። የማይመች ከሆነ አያቶችን አዲስ አበባ ድረስ ማስመጣትም መገናኘት ነው። ዋናው መተያየቱ ነው።

ልጁ አያቱን ሲያይ ቢያለቅስ አትደንግጡ፤ አያቶችም አይከፋችሁ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ አዲስ ፊት ይፈራል። አትጣሉበት፤ አያት ትቀመጥ፣ ልጁ ራሱ ይምጣ። ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ቀን ይመጣል።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ

ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፤ ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይፈልጉም። አንደኛ፣ ማኅበራችን ሁለት ኬርስ ማሰሪያና ሁለት ታጣፊ ጋሪ ይግዛ፤ የሚጓዝ አባል ተውሶ ይመልስ። ሁለተኛ፣ ማን በየትኛው ወር እንደሚሄድ የሚመዘገብበት አንድ ዝርዝር ይኑረን። እናቶቻችንና አባቶቻችን ብቻቸውን ሲመላለሱ ቋንቋው፣ ተርሚናሉ፣ ቅጹ ያስጨንቃቸዋል። ወጣት እናቶች ደግሞ ተጨማሪ እጅ ይፈልጋሉ። በአንድ በረራ ብናገናኛቸው፣ አንዷ ቅጽ ትሞላለች፣ አንዷ ልጅ ታዝላለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት አባቶቻችን ይህን ነው። ሦስተኛ፣ ከጉዞ በፊት ጥያቄ ያላት እናት ሁሉ እኔ ቤት ቡና ትጠጣ፤ ፋርመርስ ብራንች ነኝ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት እገኛለሁ።

የማኅበራችን ሽማግሌዎች «ከእኛ በኋላ ይህን ሥራ ማን ይረከበዋል?» ብለው ሲጨነቁ እሰማለሁ። የአያቱን ደጃፍ ያላየ ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ገንዘብ አዋጣ ብንለው አይገባውም። የሚገባው እዚያ ከሮጠ ነው።

ልጨርስ። ከጠቀለልኳቸው አሥር ነገሮች አንዱ ትንሽ የፎቶ አልበም ነበር። አውሮፕላኑ ላይ ደጋግመን ገለጥነው፤ «ይቺ ማን ናት? ይሄ ማን ነው?» እያልን። አባቴ ከበቅሏቸው ጋር የተነሱት ፎቶ አለበት፤ በጣም የወደደችው እሱን ነው። ደብረ ታቦር ስንገባ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። የአባቴ ፎቶ በጠረጴዛው ላይ ነበር። ልጄ ከክንዴ ወርዳ ወደ ፎቶው ድክ ድክ ብላ ሄደችና በጣቷ እያሳየች «አባባ!» አለች፤ ደስ ብሏት። ከዚያ ዞር ብላ በሩን አየች፤ ይገባሉ ብላ ነው።

ልጆቻችሁ እስኪጠነክሩ አትጠብቁ። የሚደክሙት እነሱ አይደሉም።